ሱቄ ደጃፍ ላይ የሚጀምር ማነከስ

ሱቄ ከግቢያችን በር ጋር ተለጥፋ የተሠራች ናት። እሪ በከንቱ ሰፈር ውስጥ ከፈረሰው ተርፈን የቀረን ስድስት አባወራዎች ስንገባም ስንወጣም መስኮቷን ሳንነካ አናልፍም። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የቀረኝን የተማርኩት በዚህች መስኮት ነው። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ጾም ሳይፈታ እንቁላል እንደገዛ አውቃለሁ። አልናገርም እንጂ። ይቺን ግን ልናገር ነው፤ ባለቤቶቹም ፈቅደውልኛል፤ አንዷ እያጉረመረመችም ቢሆን።

ጋሽ ገብረዮሐንስ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ፒያሳ፣ አንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ከቁም ሳጥን የማትሰፋ የመስታወት ቤት አለቻቸው። አሥራ አንድ ተኩል ሲል ቁልቁለቱን ይዘው ይመጣሉ፤ ደቂቃ አያዛንፉም። ሲመጡ ዱላቸው ብብታቸው ሥር ነው፤ ደስ ያላቸው ቀን ያፏጫሉ። ሱቄ ደጃፍ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። ግራና ቀኝ ያያሉ። ከዚያ ዱላውን ከብብታቸው አውጥተው መሬት ላይ ይተክሉና ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ፣ እያነከሱ፣ ወደ ግቢ ይገባሉ።

መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዓይኔን ጠረጠርኩ። በሁለተኛው ቀን እሳቸውን። በሦስተኛው ቀን አላስቻለኝም።

"ጋሽ ገብረዮሐንስ፣ እግርዎ የግቢያችንን አፈር አይወደውም እንዴ?"

ክው አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ "ሉልሰገድ፣ አንተ ስኳርህን መዝን" አሉኝ። ስኳሬን መዘንኩ። ግን ነገሩ ገብቶኛል። ከማን እንደሚደበቁም ገብቶኛል።

ከጋሽ ገብረዮሐንስ ቤት ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተጣበቀው የዘገዬና የየሺዓለም ቤት ነው። ዘገዬ ላዳ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ምላሱ ከመኪናው የሚፈጥን፣ ተሳፋሪ ሂሳቡን ረስቶ እየሳቀ የሚወርድለት የአራዳ ልጅ። ካቻምና ጥቅምት ላይ ስትሮክ መታው። ሃያ ቀን ሳይሞላ ደግሞ ጋሽ ገብረዮሐንስን መታቸው። ሁለቱንም በቀኝ በኩል። ግማሹ ሰው መተት ነው አለ፤ ግማሹ ጨው ነው አለ። ለአንድ ሳምንት ያህል ግቢው በሙሉ አልጫ በላ።

ሁለቱ ሚስቶች ያኔ እንደ አንድ ሰው ሆኑ። የሺዓለምና የጋሽ ገብረዮሐንስ ባለቤት እትዬ ለተኪዳን ማለቴ ነው። ሁለቱን በሽተኞች በአንድ መኪና ጭነው ጠበል አመላለሱ። ባንድ ጀሪካን ቀዱ፤ ባንድ ጣሳ አጠጡ። ጊዮርጊስ ደጃፍ ላይም ጎን ለጎን ተንበርክከው ስለት ተሳሉ። የየራሳቸው ሳይሆን የጋራ። "ሁለቱንም ካቆምክልን፣ ባለ ወርቅ ጥልፍ፣ ባለ ዘርፍ ትልቅ ጥላ እናስገባለን" አሉ። እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ከሚያስገቡ ተባብረው አንድ የማያሳፍር ብናስገባ ይሻላል ብለው ነው። ሐሳቡ የየሺ ነበር። በኋላ የቆጫትም ይኸው ነው።

ስድስት ወር ሳይሞላ የጋሽ ገብረዮሐንስ ጣት ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ተቀመጡ። ቀጥሎ ግድግዳ ይዘው ቆሙ። በዓመቱ ያቺን በዓይን የማትታይ ብሎን በወረንጦ ይዘው ሰዓት ውስጥ ሲከቱ አየን። ዘገዬ ግን ያው አልጋው ላይ ነው። የተመለሰለት ትንሽ አንደበት ብቻ ነው፤ እሱም ባትሪው እንደደከመ መኪና ደጋግሞ ካልተሞከረ አይነሳም።

የሺ ሐኪሙን ጠየቀችው። የሰውዬው ደም ሥር የተዘጋው በትንሹ ነው፣ የባልሽ ግን በሰፊው ነው ብሎ አስረዳት።

"ይሄማ ገባኝ" አለችው። "የእሳቸው ለምን በትንሹ?"

ሐኪሙ ሰዓቱን አየ አሉ። ያን ሰዓት ማን እንደጠገነለት እንኳ እንጃ።

የሺ ስድስት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ትጠርዛለች። አንድ ቀን፣ እግዚአብሔር ቸር ከሆነ ክፉ ነገር ከየት መጣ የሚል ወፍራም ጽሑፍ እጇ ገባ። የምሳ ሰዓቷን ትታ መጨረሻውን ገልጣ አነበበች። ማታ መጥታ ነገረችኝ።

"ምን ይላል?" አልኳት።

"'ወደፊት ሌላ ጥናት ቢደረግ መልካም ነው' ይላል።" ዳቦዋን አነሳች። "መቶ አርባ ገጽ ነው፣ ሉሌ። አጥብቄ ጠረዝኩለት፤ ጥያቄው እንዳይበተንበት።"

እንዲህ ስትቀልድ ደህና ናት። የምፈራላት ዝም ብላ ስታይ ነው። እትዬ ለተኪዳን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው የባላቸውን ጫማ ጭቃ በቢላዋ ጀርባ ሲያራግፉ የሺ ቆማ ታያለች። አንድ ቀን ጠጋ ብላ በጆሮዬ፣ "ጭቃውን አየኸው?" አለችኝ። "የዘገዬ ጫማ ጭቃ ካየ ሁለት ክረምት ሆነው። አልጋው ሥር እንዳብረቀረቀ ነው።" ሰው በወርቅ ሲቀና አይቻለሁ፤ በቪላ ሲቀና አይቻለሁ። በጭቃ ሲቀና ያየሁት ያን ቀን ነው።

ደግሞ በየምሽቱ መስኮቴ ላይ ትመጣና እንደ ዋዛ ትጠይቀኛለች።

"ጋሽ ገብረዮሐንስ ዛሬ እንዴት ገቡ?"

"ያው፣ እያነከሱ።"

"ብሶባቸዋል?"

"ትንሽ።"

"ምስኪን!" ትላለች። ከዚያ በአንድ ዳቦ ፈንታ ሁለት ትገዛለች። በዚያ "ምስኪን" ውስጥ እፎይታ እንዳለች እሷም ታውቃለች፤ አንድ ምሽት ራሷ አወጣችው። "እንዲወድቁ እኮ አልመኝም፣ ሉሌ። በጊዮርጊስ! ዘገዬን ትንሽ እንዲጠብቁት ብቻ ነው።"

እኔ ምን ልበል? እውነቱን ብነግራት የዳቦዋን ደስታ እቀማታለሁ። ዝም ብል እዋሻለሁ። ዝም አልኩ። ለሱቄም እንደማይጎዳት አስቤ እንዳይመስላችሁ።

ሚያዝያ ሲገባ እትዬ ለተኪዳን መጨነቅ ጀመሩ። ሃያ ሦስት የጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል ነው፤ ስለት የሚገባበት። የዘገየ ስለት ያስፈራቸዋል። ጊዮርጊስ የሰጠውን መልሶ ቢወስድስ? እኔ መስኮት አጠገብ የሺን ያዟት።

"ሓፍተይ፣ እህቴ፣ በዓሉ ደረሰ። ጥላው ይግባ።"

"የትኛው ጥላ፣ እትዬ? ሁለቱን ካቆምክ ነው ያልነው። የቆመው አንድ ነው። እሱም በዱላ።" ዘወር ብላ አየችኝ። "ግማሽ ጥላ የሚሰፋ ሰው ታውቃለህ፣ ሉሌ? ለሱ እኔም ግማሼን አወጣለሁ።"

እትዬ ለተኪዳን ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ገቡ። እሳቸውማ የባላቸውን እግር ያውቃሉ። ቤት ውስጥ "በል ቀጥ ብለህ ሂድና ስለቴን ላስገባ!" እያሉ ሲጨቀጭቋቸው፣ ሰውዬው ደግሞ "ዘገዬ ሳይነሳ በየት ዓይኔ!" እያሉ በግድግዳው ምክንያት በሹክሹክታ እንደሚጣሉ በኋላ ሰማሁ። በሹክሹክታ መጣላት እንዴት ያለ ድካም እንደሆነ ትዳር ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ነገሩ የፈነዳው በበዓሉ ዋዜማ ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። የሺ የዘገዬን መድኃኒት ልትገዛ ፒያሳ ወጥታ ነበር። ከፋርማሲው ስትወጣ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን በብብታቸው ይዘው፣ መኪናው ሳይደርስባቸው ሮጥ ሮጥ ብለው አስፋልት ሲሻገሩ አየች። ምን ዓይነት ጎበዝ ሽማግሌ ናቸው ብላ ልትስቅ ነበር። ኮፍያቸውን ስታይ ሳቋ ጠፋ።

አልጠራቻቸውም። ተከተለቻቸው። ቁልቁለቱን ሙሉ፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ፣ ዓይኗን ከእግራቸው ሳትነቅል።

እኔ ከሱቄ ሆኜ አየኋቸው። ከፊት ጋሽ ገብረዮሐንስ እያፏጩ፤ ከኋላ የሺ፣ የመድኃኒቱን ፌስታል ጨብጣ። ምልክት ልስጣቸው ብዬ ሳልኩ። ደግሜ ሳልኩ። ጋሽ ገብረዮሐንስ ቆም አሉና፣ "ማር በሎሚ ጠጣበት" ብለው መከሩኝ። ከዚያ እንደልማዳቸው ግራና ቀኝ አዩ። ወደ ኋላ አያዩም፤ ችግራቸው ያ ነበር። ዱላውን አወጡ፣ ተከሉ፣ እግራቸውን ጎተቱ።

"አንተ!"

ሃያ ዓመት ሙሉ "እርስዎ" ስትላቸው የኖረችውን ሰው ነው "አንተ" ያለቻቸው። ጋሽ ገብረዮሐንስ እንደተተከሉ ቀሩ። ዱላቸው ወደቀች።

"አንሳት! ጎንበስ ብለህ አንሳት፣ ትችላለህ!"

አነሷት። ጎንበስ ማለቱን ቻሉበት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከጥምቀት ወዲህ።"

"ከጥምቀት! እኔ በየምሽቱ ምስኪን እያልኩ!" ወደኔ ዞረች። "አንተም ታውቅ ነበር?" እኔ ስኳሬን መመዘን ጀመርኩ። ገዢ አልነበረም።

እትዬ ለተኪዳን ድምፅ ሰምተው እየሮጡ ወጡ። ጋሽ ገብረዮሐንስ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዟት። "አፈርኩ፣ የሺ" አሉ። "ባንድ ጣሳ ጠጥተን እኔ ቆሜ እሱ ሲተኛ አፈርኩ። ፒያሳ ላይ ሰው ነኝ። ግቢ ስደርስ እግሬ የሰረቅኩት ይመስለኛል። ብታነክስ ይሻላል አልኩት ለእግሬ። ለአንቺ አዝኜ ነው።"

የሺ ትስቅ ወይም ትጮህ መስሎኝ ነበር። ድምፅዋ ግን ዝቅ አለ፤ ይህ ደግሞ ይብስ ያስፈራል።

"እሺ። አንተ መሄድ እየቻልክ የማትሄደው ለእኔ አዝነህ ነው። ገባኝ። እሱስ?" ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። "ማቆም እየቻለ የማያቆመው ለማን አዝኖ ነው?"

እትዬ ለተኪዳን አማተቡ። ጋሽ ገብረዮሐንስ ኮፍያቸውን አዟዟሩ፤ እንደሰዓት ከፍተው የሚያዩት ነገር የፈለጉ ይመስላሉ።

"አንዳንድ ሰዓት ያመጡልኛል" አሉ በመጨረሻ። "ከፍቼ አየዋለሁ። ጥርሱ ደህና፣ ዘይቱ ደህና። አይሄድም። ለባለቤቱ ምን እንደምለው አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።"

"አንተማ ምን ታደርግ፣ ጠጋኝ ነህ" አለች የሺ። "እኔ የጠየቅኩት ሠሪውን ነው።"

ያን ጊዜ ከቤቷ ውስጥ፣ "የሺ..." የሚል ድምፅ መጣ። ዘገዬ ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል። እሷ ገባች፤ እኛም ተከትለን ደጃፉ ላይ ቆምን።

"ተይው" አለ ዘገዬ። ቃሉን አስነስቶ እስኪጨርስ ጠበቅነው። "አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

በደህናው በግራ እጁ፣ አልጋው የተጠጋበትን ግድግዳ መታ መታ አደረገ። "ጠዋት... ይሰማኛል። በባዶ እግሩ ነው። ግን... እኩል ነው የሚረግጠው።"

የሺ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?"

"ትቀኛለሽ ብዬ።"

"አንተስ? አትቀናም?"

ግማሽ ፊቱ ሳቀ፤ ግማሹ እንዳለ ቀረ። "ኧረ በጣም! ... አሟጥጬ ነው የምቀናው።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ከዚያ... አብሬው እሄዳለሁ። እዚህ ተኝቼ። ከአልጋው እስከ በሩ... እቆጥርለታለሁ። በሩ ጋ ሲደርስ... ጥሎኝ ይወጣል።"

ጋሽ ገብረዮሐንስ ደጃፉ ላይ ቆመው ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ። እኔም ሱቄን ክፍት ትቼ እንደመጣሁ ትዝ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሺ ለአራት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። ዳቦ ስትገዛም በጣቷ ነው የምታሳየኝ፤ አንድ። ሁለተኛዋ ዳቦ ቀርታለች። ጋሽ ገብረዮሐንስ ደግሞ ግራ ገባቸው፤ ማነከሱን ቢተዉ ደፋር ሊሆኑ ነው፣ ቢቀጥሉ አስመሳይ። አንድ ሁለት ቀን ከሱቄ ደጃፍ እስከ ቤታቸው ያለችውን መንገድ እንደ ሌባ በሩጫ አለፏት።

በበዓሉ ዋዜማ የሺ እትዬ ለተኪዳን በር ላይ ቆመች።

"ጥላው ይግባ፣ እትዬ። ግማሼ ይኸው።"

እትዬ ለተኪዳን ሊያቅፏት ተነሱ። እሷ እጇን ዘርግታ አቆመቻቸው። "ብቻ ውሸት አልፈልግም። ከእንግዲህ ማንም እንዳያነክስልኝ።"

በነጋታው ጊዮርጊስ ግቢ መቆሚያ አልነበረም። ጥላው እውነትም የማያሳፍር ነው፤ ዘርፉ ብቻ ዓይን ይወጋል። የያዙት ጋሽ ገብረዮሐንስ ናቸው፤ ቀጥ ብለው፣ ያለ ዱላ። አንድ ወጣት ዲያቆን በድምፅ ማጉያ የባለስለቶችን ስም ከብጣሽ ወረቀት እያነበበ ነው። አንዷ ልጅ ወልዳ፣ አንዱ ከእስር ተፈትቶ፣ አንዷ ቪዛ መጥቶላት። ባነበበ ቁጥር እልልታው ይቀልጣል። የሺ በእያንዳንዱ እልልታ ከንፈሯን ትጨምቃለች። ቪዛዋ ጋ ሲደርስ፣ "ለቪዛ ጊዜ አለው" ስትል ሰማኋት።

"ወይዘሮ ለተኪዳንና ወይዘሮ የሺዓለም" አለ ዲያቆኑ፤ "ስለታቸው ሠምሮላቸው..."

"የእኔ አልሠመረም።"

እልል ሊሉ አፋቸውን የከፈቱ ሴቶች እንደከፈቱ ቀሩ። የሺ ሰው ገፍታ ፊት ደርሳለች። ዲያቆኑ ማጉያውን በእጁ ከደነ፤ ቢሆንም ይሰማል።

"ምን አሉኝ፣ እናቴ?"

"ለእሳቸው ሠምሯል። ለእኔ አልሠመረም። ድርሻዬን ግን አምጥቻለሁ። እንደዚያ ብለህ አንብብ።"

"እንዲህ ተብሎ ተነቦ አያውቅም እኮ።"

"እኔም እንዲህ አድርጌ አላውቅም።"

"ካልሠመረልዎ ታዲያ ለምን ያስገባሉ?" ልጁ የምሩን ነው የጠየቀው።

"የተኳረፍኩት ከሱ ጋር ነው" አለች። "ከቤቱ አልወጣሁም።" ትንሽ አሰበችና፣ "ይቺን አታንብባት" አለችው።

ዲያቆኑ አጠገቡ ወንበር ላይ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ቄስ ዞረ። ቄሱ መስቀላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ፤ ቆዩ። ከዚያ፣ "አንብብላት" አሉ።

"ወይዘሮ የሺዓለም... ስለታቸው... ሳይሠምርላቸው፣ ያመጡት።"

ለዚህ ምን እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም። ከወደ ኋላ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን፣ በተሰነጠቀ ድምፅ፣ እልል አሉ። ሌላዋ ተከተለች፤ ከዚያ ሌሎቹ። ለቪዛው ከተባለው ይበልጥ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ አነስ ያለ ነው። ግን ቶሎ አላቆመም።

ስንመለስ የሺ ከጋሽ ገብረዮሐንስ ኋላ ኋላ ትሄዳለች፤ ዓይኗ እግራቸው ላይ ነው።

"ምን ታያለሽ?" አልኳት።

"እግሩን። አያምርም?"

"አሁንም አልለቀቀሽም እንዴ?"

"ለምን ይለቀኛል? በድምፅ ማጉያ ነግሬው መጣሁ አይደል።"

ሱቄ ደጃፍ ስንደርስ ጋሽ ገብረዮሐንስ ልማድ ሆኖባቸው ቆም አሉ። እጃቸው ብብታቸው ሥር ዱላ ፈለገ። ዱላዋን ግን እትዬ ለተኪዳን ነበሩ ይዘውላቸው የመጡት፤ የሺ ከእጃቸው ተቀበለቻት።

"ይቺ እኔ ጋ ትቀመጥ" አለች። "ዘገዬ ሲነሳ ያስፈልገዋል።" ባይነሳስ ብሎ የጠየቃት የለም፤ እኔም እንኳ አልቀለድኩም። "አንተ ደግሞ ነገ ጠዋት ጫማህን አድርገህ ተራመድ። ያንን ባለ ተረከዙን። ጠንከር አድርገህ።"

በነጋታው ሱቄን ስከፍት ሰማሁት። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። እኩል፣ የማያዛንፍ፣ የሰዓት ሠሪ እርምጃ፤ የጭቃውን ግድግዳ አልፎ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ሰውዬው ስንት ወር የያዙትን እግር ባንድ ጠዋት ሊጨርሱት ነው መሰል ፈጠን ፈጠን አሉ። ያን ጊዜ የሺ ግድግዳውን በመዳፏ ደበደበችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል እንጂ! ዘገዬ ኋላ ቀረ!"

ጫማው ቆመ። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀጠለ።